የመካነ ሰላም ፓወር ሜታል ማኅበር

ያኔ ሁሉም ሰው «ተደራጁ» ይባል ነበር። ወጣቱ ተደራጀ፣ ሴቱ ተደራጀ፣ ንብ አናቢው ተደራጀ፣ ድንጋይ ጠራቢው ተደራጀ። እኔም አልቀረሁም። የመካነ ሰላም የካንትሪና የፓወር ሜታል ሙዚቃ አፍቃሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። ማኅተም የለንም፣ ጽሕፈት ቤት የለንም፣ ቀበሌም አያውቀንም። አባላቱ ሁለት ነን፤ እኔና እናቴ። እናቴ ጾም የማታጎድል፣ ከማርያም ማኅበር በቀር ሌላ ማኅበር ገብታ የማታውቅ ሴት ናት። እንዴት አባል እንደሆነች ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ «ይህን ጣዕም ከየት አመጣኸው?» ይሉኛል። ጣዕም እንደ ጫማ መርካቶ ወርደው የሚገዙት ይመስላቸዋል። አንዱማ ጸጉሩን አስረዝሞ፣ ጥቁር ካናቴራ ለብሶ የሚውለው፣ «አንተ የወሎ ልጅ ነህ፤ አምባሰል አይሻልህም?» ብሎ መከረኝ። አምባሰልን ማን ይጠላል! ግን አምባሰል የእህቴን ድምፅ ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም።

እህቴ ዓረብ አገር የሄደችው አባታችን ካረፈ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ስልክ ለማነጋገር ወረፋ ይዞ መዋል ነበር፤ መስመሩ ሲገኝም «ሃሎ፣ ይሰማል?» እንደተባባልን ያልቃል። ስለዚህ ልጅ እንደላከው ቤት ሁሉ እኛም የምንገናኘው በካሴት ነበር። እሷ እዚያ ሆና ድምፅዋን ትቀዳለች፤ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ይዞት ይመጣል፤ ካሴቱም ከደሴ በአውቶቡስ አቧራውን ጠግቦ እኛ ጋ ይደርሳል።

ካሴት ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ናፍቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የካሴቱ ግማሽ ሰላምታ ነው፤ ልጅቱ ጎረቤቱን በየተራ በስም እየጠራች «እንደምን ሰነበታችሁ» ትላለች። ስሙ የተጠራ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል፤ ያልተጠራ አኩርፎ ይወጣል። በተለይ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን፣ ሐዘኑንም ደስታውንም አብረውን ያዩ የሙስሊም ባልቴት፣ ስማቸው ከፊተኞቹ መሃል ካልተጠራ ወዳጅነታችን ይቀዘቅዛል።

የመጀመሪያዎቹ ካሴቶች የተቀዱት ማድ ቤት ውስጥ ነው። አብራት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ትንሿን ሬድዮዋን አትዘጋም። ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ገጠር ዘፈን የማውቀው ከዚያች ሬድዮ ነው። እህቴ ረጋ ብላ ታወራለች፣ ትስቃለች፤ ከድምፅዋ ሥር አንድ ሰውዬ በጊታር እያስለቀሰ ያንጎራጉራል። ፊሊፒናዊቷም መሃል ገብታ «ሰላም እማማ» ስትል ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እናቴ ዘፋኙን አዳምጣ፣ «ይህ ሰው ከብት ጠፍቶበታል» ብላ ፈረደች። እንግሊዝኛዬ ሲሻሻል ሳጣራው ብዙም አልሳተችም። የጠፋችው ሚስቱ ነበረች፤ ውሻውም አብሯት ሄዷል።

የዘመኑ ካንትሪ ዘፋኞች ሁለት ነገር ይወዳሉ፤ ፒክአፓቸውንና የተወለዱባትን ትንሽ ከተማ። ፒክአፕ እንኳ እኛ ጋ የሚነዳው የመንግሥት ሰው ብቻ ስለሆነ ስለሱ የምለው የለኝም። ትንሽ ከተማን ግን ለእኔ ሊያስተምሩኝ ነው? «ሁሉም ሰው ስሜን የሚያውቅባት» እያሉ ያሞግሷታል። ለአንድ ሳምንት መካነ ሰላም ተቀምጠው፣ ትናንት ማታ የበሉትን ጎረቤት ለጎረቤት ሲያወራው ቢሰሙ ዜማውን ይቀይሩት ነበር። ቢሆንም እወዳቸዋለሁ፤ እህቴ የምትስቀው እነሱ ሲያለቅሱ ነበርና።

ከዚያ ፊሊፒናዊቷ አገሯ ገባች ተባልን። የሚቀጥለውን ካሴት ስከፍተው እናቴ አማተበች። የገበያ በቅሎዎች አንድ ላይ የደነበሩ ይመስል ከበሮው ይጋልባል፤ ጊታሩ ይከተለዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ እንደ ሴት ቀጥኖ ይጮኻል። እህቴ፣ የዓረቡ አነጋገር ለምዶባት፣ ከዚህ ሁሉ ሥር ሆና ትጣራለች፦ «እማዬ እንደምን ሰነበትሽ! እኔ ደህና ነኝ! አልሐምዱሊላህ!»

«ይህን ሰው ጸበል የሚወስደው ዘመድ የለውም?» አለች እናቴ።

«ምን ሆነሻል፣ ሰርግ እኮ ነው!» አሏት ጎረቤታችን። «ከበሮው አይሰማሽም? ጌቶቹ ልጅ እየዳሩ ነው።»

በሚቀጥለውም ካሴት ከበሮ መጣ። ከዚያም በኋላ በመጣው። እናቴ «ሁልጊዜ ሰርግ አለ እንዴ?» ብላ መጠርጠር ስትጀምር ጎረቤታችን መልስ አላጡም። «ሀብታም ቤት ነዋ! ሀብታም ምን ሥራ አለው? ይድራል፣ ይኩላል። አብሽሪ፣ ልጅሽ የደስታ ቤት ነው የገባችው።» ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ሆነ በገበያ «ልጅሽ ደህና ናት ወይ?» ለሚላት ሁሉ የእናቴ መልስ «ሰርግ ቤት ናት» ሆነ። እኔን ብቻ አልፎ አልፎ ለብቻዬ ስታገኘኝ፣ «ድምፅዋ አልሰለለብህም?» ትለኛለች። እኔም እንደ ባለሙያ «ቀረጻው ነው» እላታለሁ።

ጣጣው የመጣው አንዱ ካሴት ላይ ነው። እህቴ የጎረቤታችንን ስም ልትጠራ «እትዬ…» ስትል ከበሮው ገብቶ የቀረውን ዋጠው። ባልቴቷ ተነሡ። «ስሜን ለከበሮ ሰጠችው!» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። እናቴ ለመነች፣ እኔም ካሴቱን መለስኩት። አሁንም ዋጠው። እንደገና መለስኩት። ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ካሴቱን እያወጣሁ በእስክሪብቶ አጠነጥናለሁ፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ እሳቸው በማግስቱ ይመጡና «እስቲ አሁን» ይላሉ። ስማቸውን አላገኘነውም። እኔ ግን ዘፈኑን ከነከበሮው በቃሌ ያዝኩት። ለጸጉረ ረጅሙ ወዳጄ የሙዚቃ ትምህርት ቤቴ ይህ እንደነበረ ብነግረው አያምነኝም።

ስሙ ፓወር ሜታል እንደሚባል ያወቅሁት ደሴ ለትምህርት ገብቼ ነው። ግጥሙንም ያኔ አገኘሁት፤ ሰይፍ፣ ዘንዶ፣ ተራራ ላይ የተሠራ ምሽግ፣ ሞቶ እጁን የማይሰጥ ንጉሥ። ሳቄ መጣ። በመቅደላ አገር ላደገ ሰው ይህን ለመረዳት ጸጉር ማስረዘም አያስፈልገውም። ከዘንዶው በቀር ሁሉንም ታሪክ አስተማሪያችን ነግሮናል።

እኔ ከደሴ በተመለስኩበት ዓመት እህቴ ክረምቱ ሲወጣ መጣች። ሰፈሩ የሰርጉን ወሬ ሊሰማ ተሰብስቦ ጠበቃት። እሷ ግን ሁሉንም ሳመችና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሲጠይቋት በሹክሹክታ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ በር ሲንቋቋ የጀመረችውን ቃል ትተወዋለች። ሰፈርተኛው በሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «ኮርታለች» አለ፣ ግማሹ «ዓይን ገብቷት ነው» አለ። ከተማችን እንዲህ ያለ ነገር ላይ አስተያየት አያጣትም። እናቴ ፊት ለፊቷ እየተቀመጠች «ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ» ስትላት ትውላለች። ልጅቱ ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ አትናገርም። ድምፅዋን በካሴት ስንሰማ ኖረን፣ እሷ ራሷ ስትመጣ ድምፅዋ ቀረ። እናቴ ከሳች፤ በመጨረሻም ጸበል ልትወስዳት ቆረጠች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ስትለቅም፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ሸሚዜን እየተኮስኩ ያንን ስም ዋጩን ካሴት ከፍቼ ነበር። እህቴ ገባች። ዝጋው ትለኛለች ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «ተወው» አለች። ድምፅዋ የወትሮው ሹክሹክታ አልነበረም። ራሷ ካሴቱ ውስጥ ሆና «እኔ ደህና ነኝ!» እያለች ስትጮኽ ቆማ ሰማች።

«እታለም፣ ሰርጉ የማን ነበር?» አልኳት ለጨዋታ።

«የምን ሰርግ? የቤቱ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይህን ይከፍተዋል። ያኔ እመቤቲቱ ምንም አትሰማም። መተኮሻው ክፍል በሩን ዘግቼ የማወራው ያኔ ነው።»

«ካልከፈተስ?»

«ካልከፈተማ ዝም ነው። ድምፄን መስማት አትወድም።» ግድግዳውን ተደገፈች። «ያቺ ፊሊፒናዊት ትዝ ትልሃለች? በፈቃዷ አልሄደችም። ማድ ቤት ከእኔ ጋር ስትስቅ አገኟትና አባረሯት። ከዚያ በኋላ እኔም…»

ቀጭ አለ። ካሴቱ አንዱን ገጽ ጨረሰ። ቤቱ ጸጥ ሲል እህቴም ጸጥ አለች፤ ቃሉ አፏ ላይ እንዳለ በሩን በሩን ማየት ጀመረች። በሩ ላይ እናቴ ሰፌዷን እንደያዘች ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አለችኝ። «ገልብጠው እንጂ!»

ገለበጥኩት። ከበሮው ጋለበ፣ ያ ጸበል ያጣው ሰውዬ ጮኸ፣ እህቴም ካቆመችበት ቀጠለች። እናቴ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። ድምፁን ከፍ እንዳደርገው በእጇ አሳየችኝ፤ አደረግኩት። እህቴ መጀመሪያ እያወራች፣ ኋላ እያለቀሰች፣ ኋላም ሁለቱን አንድ ላይ ታደርገው ጀመር።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ መጡ። «ኧረ በአላህ! ጆሯችን ሊጠፋ ነው! ቀንሱት እንጂ፣ ምን ጉድ ነው?»

እናቴ እኚያን ባልቴት በሕይወቷ እምቢ ብላቸው አታውቅም። ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልቀንስም። ልጄ እያወራች ነው።»