የኦሬንጅ ፋርሙ ተከላካይ

ቅዳሜ ንጋት፣ ሂልብሮው፣ ጆበርግ

ከፎቃችን ስንወርድ መንገዱ ገና አልነቃም። አብራኝ ያለችው ጓደኛዬ አለሚቱ ናት፤ ከሆሳዕና በቅርቡ ነው የመጣችው። ለወረቀት ጉዳይ ከተማ ውላ እኔ ጋ አደረች። ባሏ ኤርሲዶ ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአውስትራሊያ ፉትቦል ይጫወታል።

«ዛሬ በዓይኔ አይቼ አቁም እለዋለሁ» አለችኝ። «ባለፈው ጣቱ ተሰበረ። ቀጥሎ አንገቱ ቢሆንስ?»

ታክሲ ውስጥ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። መናኸሪያው ላይ የገዛነው ማግዊኛ፣ ያ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ፣ ጣታችንን አወዝቶታል። ሹፌሩ በመስታወቱ አየን።

«ወዴት ናችሁ፣ እህቶቼ?»

«ኳስ ልናይ።»

«የቱን ኳስ?»

«እንቁላል የሚመስለውን።»

«ራግቢ በሉኛ!»

«አይደለም» አልኩት፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። ፎቆቹ ከኋላችን ቀሩ፤ የማዕድን አፈር ክምሩ አለፈ፤ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ብቅ አሉ።

ረፋድ፣ ኦሬንጅ ፋርም

ሜዳው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ከሣሩ ቀይ አፈሩ ይበዛል። በየጫፉ አራት አራት ምሰሶ ቆሟል። አሰልጣኙ ሲፎ አጠገባችን ቆሞ አጫወተን። ከዓመታት በፊት አንድ ተከላካይ ጎደለባቸውና ባንኮኒው ላይ የቆመውን ረጅም ሐበሻ ጠሩት። ኤርሲዶ አገር ቤት በረኛ ነበር፤ ሽርጡን እንደታጠቀ ገባ። ከዚያ ወዲህ የኋላውን መስመር ለቆ አያውቅም።

«የስደተኞች ሱቆች የተዘረፉ ጊዜ» አለ ሲፎ፣ «ቡድኑ በሙሉ የእሱ ሱቅ በር ላይ ቆመን ዋልን። የእኛ ሰው ነው አልን።»

አለሚቱ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ዓይኗ ከባሏ ላይ አልተነሳም።

ጨዋታው

ሊያልቅ ሲል የእኛዎቹ በሦስት ነጥብ ይመራሉ። ኳሷ ከሩቅ ተለግታ ወደ ግባችን መጣች።

«በመሃለኞቹ ምሰሶዎች ካለፈች ስድስት ነው፤ አለቀልን!» አለ ሲፎ።

ኤርሲዶ ከሁለት ወጣቶች በላይ ዘለለ፤ በቡጢ መትቶ በራሱ ግብ በኩል አስወጣት።

«ለእነሱ ሰጣት እኮ!» አለሚቱ ጮኸች።

«በእጅ ከወጣች ለእነሱ አንድ ነጥብ ብቻ ናት! ሰዓቱም አልቋል፤ አሸነፍን!» አላት ሲፎ።

አለሚቱ እልልታዋን አቀለጠችው። የሰፈሩ እናቶች በዙሉኛ እልልታ ተቀበሏት። እኔም እሪ አልኩ።

ኤርሲዶ እያነከሰ መጣ። «አለሚ፣ አንቺን ከማሳቅቅ በቃኝ። ጫማዬን ሰቅያለሁ።»

«ማን ፈቀደልህ?» አለች፣ ፊቱን በሻርፗ እየጠረገች። «ቅዳሜ ሱቁ ይዘጋል። ብቻ ለእኔ ወንበር አምጣልኝ።»

መልስ

አመሻሽ ላይ ዋናው መንገድ ድረስ ሸኙኝ። ከጩኸት ብዛት ድምፄ ተዘግቷል። ደግነቱ ጆበርግ ውስጥ ታክሲ በአፍ አይጠራም። አመልካች ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ፤ «ከተማ» ማለት ነው። ሚኒባሱ ቆመልኝ፤ እየሳቅኩ ገባሁ።