ቦርቦን እስከ አፉ

መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ጓደኛዬ ቅዳሜ ከሰዓት ካሮልተን ከተማ ያለው ቤቱ ጠራኝ። እሱና ሦስት ጓደኞቹ ቦርቦን የሚባለውን ውስኪ ነፍሳቸው እስኪወጣ ይወዳሉ። ጋራዡ ውስጥ አምስት ዓይነት ጠርሙስ ደርድረው፣ እየቀመሱ ምርጡን ሊመርጡ ነው።

ጓደኛዬ ስንት ሱቅ ዞሮ ያገኘውን ጠርሙስ ከፈተና ለእያንዳንዳችን ጠብ አደረገልን። ጠብታ! የብርጭቆው ቂጥ እንኳን በደንብ አልረጠበም። እነሱ ግን አፍንጫቸውን ከተው ያሸታሉ፤ አንዱ ቫኒላ አለው ሲል፣ ሌላው “የለም፣ ቆዳ ቆዳ ይሸታል” ይላል።

ደሜ ፈላ። እኛ ቤት ለእንግዳ አጉድሎ መቅዳት ስድብ ነው። “ግድ የለም፣ እኔ ልቅዳ” ብዬ ጠርሙሱን ከእጁ ወሰድኩና የሁላችንንም ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላሁት። ጓደኛዬ ባዶውን ጠርሙስ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ግን ብርጭቆአቸውን በሁለት እጃቸው አነሱና ሳቁ።

“ሃያ ዓመት ሙሉ ሳሸት ኖሬ ዛሬ ገና ልጠጣ ነው!” አሉ።

አመሻሽ ላይ ሚስቶቻቸው ሊወስዷቸው ሲመጡ ምርጫው አልቆ ነበር። እኔ የቀዳሁት በሙሉ ድምፅ አሸነፈ። የቀሩትን አራቱን የከፈታቸው የለም።