የሻንቆ ወፍጮ ለምን ዘገየ

ጂንካ ውስጥ ሻንቆን የማያውቅ ማን ነበር? በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ከገበያው በላይ የነበረችው የናፍጣ ወፍጮ የእሱ ነበረች። ሰላምታው ማለቂያ የለውም። ማሽላ አዝላ የመጣችን ሴት ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ በአሪኛ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ እንሰቷ ሳይጠይቅ አያስገባም። ሰው ይወደዋል። ግን ወረፋው! ኧረ የወረፋው ነገር አይነሳ!

በኋላ ደንበኞቹ እየተመናመኑ መጡ። ቅዳሜ ለገበያ ከተራራው የሚወርዱት ሴቶች በጨለማ ወደ ቤት መመለስ ሰልችቷቸው ከወንዙ ማዶ ወደተተከለው አዲስ ወፍጮ ሄዱ። ሌላ ወፍጮ ቤት ረግጠው የማያውቁት እማማ አለምነሽ እንኳ ማሽላቸውን አዝለው ሲሻገሩ ሻንቆ በዓይኑ አየ። ልቡ ቁርጥ አለ። ወጣትነቱን በሙሉ የሰው ቡና ለቅሞ፣ የሰው ጆንያ ተሸክሞ ያቆማት ወፍጮ ናት። ከተዘጋች ምን ሊሆን ነው?

«ሞተሩ ነው፤ አርጅቷል፤ አለቀለት» አለ። እንቅልፍ አጣ። መካኒኩ ደምሰው መጥቶ ፈታታው፣ ገጠመው፣ አስነስቶ አዳመጠው።

«ጋሽ ሻንቆ፣ ይሄ ሞተር እኔንም አንተንም ይቀብራል» አለና ሄደ። ሻንቆ ግን አላመነውም።

የገላገለችው ሚስቱ አስካል ናት። «ነገ እህሉን እኔ እጨምራለሁ። አንተ ዋንዛው ሥር ቁጭ በልና የቱ ጋ እንደሚዘገይ በዓይንህ እይ» አለችው።

ተቀመጠ። አንዷ ትገባለች፣ ዱቄቷን ይዛ ትወጣለች፣ ሌላዋ ትከተላለች። ሻንቆ ሞተሩ መቼ እንደሚያቃስት ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። ምንም የለም! በመሐል የዳርጌ ሚስት ከበቡሽ ደጃፉ ላይ ደረሰች። አላስቻለውም፤ ብድግ ብሎ ሄዶ ያዛት። ባልሽ ዳነ? ላሟ ወለደች? ጥጃው ምን ዓይነት ነው? እሷም ማሽላውን እንዳዘለች ትመልስለታለች። ውስጥ ሞተሩ ባዶውን ይንጣጣል፤ አስካል እጇን አጣምራ ቆማለች።

«አገኘኸው?» አለችው።

ሻንቆ ባዶውን ወፍጮ አየ፤ ከዚያ ከበቡሽ ጀርባ ላይ ያለውን ማሽላ አየ። «እኔ ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው!»

በሳቅ ፈነዳ። እፎይ! ሞተሩ ደህና ነው! ደረቱ ላይ ተጭኖ የከረመው ሁሉ ወረደለት።

ሰላምታውን ሊተው? ኧረ ምን በወጣው! ወደ ወረፋው ይዞት ወጣ እንጂ። አስካል ውስጥ ስትፈጭ እሱ ውጭ ተሰላፊዎቹን እየዞረ ይጠይቃል። እግረ መንገዱን ማሽላ የያዙትን በአንድ ወገን፣ በቆሎ የያዙትን በሌላ ያሰልፋል፤ እህል በተለወጠ ቁጥር ወፍጮው ቆሞ እንዳይጠረግ። ተራዋ የደረሰ ሴት ጨዋታው ባያልቅም ትገባለች።

ወሬው ተራራው ድረስ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ሻንቆ ወረፋው ጫፍ ላይ ወግ ይዞ ሳለ፣ እማማ አለምነሽ ከወፍጮ ቤቱ ዱቄታቸውን አዝለው ሲወጡ ድንገት አያቸው። መግባታቸውንም አላየም። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር።

«እማማ! ምነው ሳልጠይቅዎት?» እያለ ሮጠ።

«የዛሬ ሳምንት ትጠይቀኛለህ ልጄ» አሉት ሳይቆሙ። «ዛሬስ በቀን ቤቴ ልግባበት።»

ሻንቆ ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞረ።

«አስካል!» ብሎ ተጣራ። «የዛሬ ሳምንት ይመጣሉ!»