በዳዊት ማኅደር የተሸሸገው ደብተር

ሃያ ዓመት የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርኩ። ከዚያ ወንበር ይዤው የወጣሁት ሀብት አንድ ነው፤ ሰው እውነቱን ሲነግረኝ እንኳ ምን ሸሽጎ ይሆን ማለት። ባለቤቴ “አንቱ እኮ ዶሮ ሲጮኽ ምስክር ይጠራሉ” ትለኛለች። አልተሳሳተችም። አንዴ ያለ ሰዓቱ የጮኸ ዶሮ ስለነበረ ነው።

የልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ሐኪም ልትሆን ነው። ላሊበላ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ደንቆሮ መሆን አለበት፤ ያወራሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴን ይዞኝ ሲያስነክሰኝ ጤና ጣቢያ መሄዱን ሁሉ ትቼ እሷን መጠበቅ ጀምሬ ነበር።

ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት መጣች። በማግሥቱ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ጉልበቴን ገልጬ ፊቷ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን በአክብሮት አየችውና ሕክምናውን ገና አልጀመርንም አለችኝ። ታዲያ ምን ስትማሪ ከረምሽ ብላት፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ አለች፤ ሎጂክ አለች፤ የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠና አንትሮፖሎጂ የሚሉት ትምህርት አለች። ስፖርትም አለ ስትል ጉልበቴን ሸፍኜ ተነሣሁ።

ከኋላዬ እየተከተለች አስረዳችኝ። ሐኪም የሚሆነውም መሐንዲስ የሚሆነውም የመጀመሪያውን ዓመት እነዚህኑ የጋራ ትምህርቶች ይማራል። የሚመደብበት ክፍል የሚታወቀው ዓመቱ ሲያልቅ በሚያመጣው ውጤት ነው። ስለዚህ ሕክምና እንድትገባ በሁሉም ጥሩ ማምጣት አለባት፤ አንዱ ቢወድቅባት ሕክምናው ቀረ ማለት ነው።

ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። የጠረጠርኩትም ስለጣመኝ ነው። በችሎት ዘመኔ እንዳየሁት እውነተኛ ምስክር ይንተባተባል፤ አሳምሮ የሚናገረው ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ነው። ደግሞም ፍላቂት ከተማ የሚኖረው አበልጄ የደረሰበትን አውቃለሁ። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ በየዕረፍቱ እየመጣ “ኢንጂነር” እየተባለ ጠላ ሲቀዳለት፣ ለካ በመጀመሪያው ዓመት ተባርሮ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይለጥፍ ነበር።

ልፈትናት ብዬ ተከዜ ከየት ይነሣል አልኳት። ከኛው ተራራ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ አገር አቋርጦ የት እንደሚገባ ዘርዝራ ነገረችኝ። ይህን ለማወቅማ ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬደሽ፣ እኔ ከምንጩ ጠጥቻለሁ አልኳት።

“የት እንደሚገባስ ያውቁ ነበር አባባ?”

ዳኛ አይጠየቅም።

አንድ ጠዋት ከአያቷ ጋር ገነተ ማርያም ሊሳለሙ ሲሄዱ ደብተሯን ገለጥኩ። አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ እሱን አለፍኩት፣ ወይም እሱ እኔን አለፈኝ። መሀሉ ላይ ግን በአማርኛ የተጻፉ ጥያቄዎች አገኘሁ። በመንደሩ እቃ ሲጠፋ መጀመሪያ ማን ይጠረጠራል? ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀውን ለማን ይናገራል? ሽማግሌ ራሱ ቢያጠፋስ ማን ይከሰዋል? ከሥር ደግሞ የኛን ሠፈር ሰዎች በየዕድሜያቸው ደርድራለች።

ሐኪም ትሁን ብለን የላክናትን ልጅ ጆሮ ጠቢ አድርገዋታል አልኩ። ለገበያ ቀን ለሁለተኛ ደረጃው መምህር ላሳየው አስቤ፣ ደብተሩን አጥፌ የዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ከተትኩት። ያ የቆዳ ማኅደር ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲኖር ከኔ በቀር የሚነካው የለም።

ተመልሳ ስትፈልገው አጣችው። ከሁሉ በፊት የጠየቀችው እኔን ነው። አላየሁም አልኩ። ይህ ይበቃ ነበር፤ ማንም ሳያስምለኝ “ማርያምን” ብዬ ጨመርኩበት። ሳያስምሉት የሚምል ሌባ ነው እያልኩ ሃያ ዓመት የፈረድኩ ሰው ነኝ።

ለአያቷ ስትነግራት ሰማሁ። ደብተሩ ላይ ያለው የአንትሮፖሎጂ ሥራዋ ነው፤ እንደተመለሰች ማስረከብ አለባት፤ ካላስረከበች የምታገኘው ባዶ ነው። ከባዶ ጋር ሕክምና የሚገባ የለም። አላለቀሰችም። ሣር የተሞላውን ፍራሽ ሳይቀር ገልብጣ ፈለገች፤ እህል አልበላ አላት። ያን ጊዜ ብመልስላት ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን መሐላው አፌን ያዘው። ደግሞም፣ ለጥርጣሬዬ ይቅር ይበለኝና፣ ለንጹሕ ደብተር እንዲህ የሚጨነቅ የለም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ፊቴ መጥታ ቆመች። “አባባ፣ እቃ ጠፍቶብኛል። አውጫጭኝ ይጥሩልኝ።”

አውጫጭኝ በኛ አገር የጠፋ እቃ የሚወጣበት ሸንጎ ነው። እቃ የጠፋበት ሲጠይቅ ያካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ የቀረ ሰው በራሱ ላይ መሰከረ። ሁሉም በየተራው ይምላል። ከዚያ “ወፍ” የሚባል ሰው ይመረጣል። የሚያውቅ ለወፉ በጆሮው ይነግረዋል፣ ወፉም የነገረውን ሰው ሳያወጣ “ወፏ እንዲህ አለች” ብሎ ለሸንጎው ያሰማል። በሠፈራችን አውጫጭኝ የሚመራው ደግሞ ማን ሆነና። እምቢ ብል እኔው ነኝ ሌባው፤ እሺ ብልም እኔው ነኝ።

ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን ያለው ወይራ ሥር ጎረቤቱ ሁሉ ተቀመጠ። ለወፍነት የንስሐ አባቴን መረጡ። መሐላውን እኔ አስጀመርኩ፦ ያየሁትን ብሸሽግ እንደ ጨው ያሟሟኝ፣ እንደ ገል ይሰባብረኝ። ሁሉም ተከትሎኝ ማለ። የራሴ ተራ ሲደርስ ሳል ያዘኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ስዬ አላውቅም። ልጅቱ ጥግ ይዛ፣ ጉልበቷ ላይ ባደረገችው ወረቀት አንዳንድ ነገር ትጭራለች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቄሱ ጆሮ ሄደው ተመለሱ። ባለቤቴ ጆሯቸው ሥር ቆየት አለች። ቄሱ ተነሡና መስቀላቸውን እያሻሹ እኔን ሳያዩ ተናገሩ።

“ወፏ ምን ብትል ጥሩ ነው? የዳኛው ዳዊት ሰሞኑን ወፍሯል አለች። ሁላችን በጾም ስንከሳ እሱ ብቻ መወፈሩ ደግ አይደለም።”

የሚስቅ ሰው ነበረ። ተነሥቼ ገባሁ፤ ጉልበቴ እየተንቋቋ ማኅደሩን አምጥቼ ደብተሩን ከዳዊቱ ሥር አወጣሁ። ልጅቱ በሁለት እጇ ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ መጻፏን ቀጠለች። እኔም መከላከያዬን አቀረብኩ። ጆሮ ጠቢ መስላኝ ነው፤ ጥያቄዎቹን አይቻለሁ አልኩ።

“ጥያቄዎቹ እኮ ስለዚሁ ናቸው፤ ስለ አውጫጭኝ። ከርስዎ ሌላ ማንን ልጠይቅ ነበር?”

“ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“ልጀምር ስል ጉልበትዎን ሸፍነው ተነሡ።”

ቄሱ ፈረዱብኝ። ቅጣቴ የምትጠይቀኝን ሁሉ ሳልዋሽ መመለስ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቀችኝ፤ ከቅጣት ሁሉ የከፋ ቅጣት ነው። ሽማግሌ ራሱ ቢያጠፋ ማን ይከሰዋል የሚለው ላይ ስንደርስ “ሚስቱ” አልኳት። ጻፈችው።

ደብተሯን ይዛ ተመለሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለች፤ ድምፅዋ ደህና አይደለም። መምህሯ ሥራውን አላምንም ብሏታል። ሌባው ራሱ ዳኛ ሆኖ የራሱን ስርቆት ሲያውጣጣ የት ታይቶ ያውቃል፣ ፈጥረሽው ነው፣ የሚያረጋግጥልሽ ከሌለ ውጤት አልሰጥም አላት። ያን መምህር ሳላየው ወደድኩት። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ እንደሚጠራጠር በማወቄ ልቤ አረፈ።

ከዚያ መነጽሬን አድርጌ እንደ ድሮው ጻፍኩ፦ እኔ ቃል ሰጪው፣ በተባለው ቀን የተባለውን ደብተር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መውሰዴን፣ በሐሰት መማሌን፣ በተጠራው አውጫጭኝም መጋለጤን አምኜ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ስንቱን ሌባ ይህን ቃል አስፈርሜዋለሁ፤ በገዛ እጄ ስፈርመው ብዕሩ ከበደኝ። ቄሱ በምስክርነት ፈረሙ። ጎረቤት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከላት።

ውጤቱ ተሰጣት፤ ዓመቱ ሲያልቅም ሕክምና ደረሳት። ሲነገረኝ መጀመሪያ ያልኩት ወረቀቱን አሳዩኝ ነው። አየሁት። እሷንም፣ ታዲያ ጉልበቴን መቼ ታዪልኛለሽ አልኳት፤ ሕያው ሰው ጋ ለመድረስ ገና ዓመታት ይቀሩኛል፣ እስከዚያው ስፖርት ይሥሩ አለችኝ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ያን ቀን አውጫጭኝ ይጥሩልኝ ስትለኝ፣ ደብተሩ የት እንዳለ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? ለሥራዋ አውጫጭኝ በዓይኗ ማየት ፈልጋ፣ ሌባም ቤቷ ውስጥ አግኝታ ቢሆንስ? ባለቤቴን ለብቻዋ አድርጌ፣ ለልጅቱ የነገርሻት መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳት።

“ወፍ አይጠየቅም” አለችኝና ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።