የእትዬ ማርታ የአዞ ሐረግ

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ የአጥሩን የአዞ ሐረግ መከርከም ነበር። እሱ መሰላሉን ያዘ፣ እኔ ቆረጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ታመመ፤ አልተነሣም። ከቀብሩ በኋላ ማጭዱን ሳነሣ የሐረጉ ኃይለኛ ሽታ ገና ስለቱ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ እትዬ ማርታ ናቸው።

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ። ሐረጉን ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከቱላ በወተት ጣሳ አምጥተው ተከሉት። የሽቦ አጥሩን ሸፈነ፣ የሎሚውን ዛፍ አነቀ፣ ወደ እኛ ጣሪያም ተሻገረ። ዝናቡ ሲያባራ ነጭ አበባ ይለብሳል። ኋላ አበባው ጥጥ መሰል ላባ ይሆንና የሐይቁ ነፋስ በየቤቱ ይበትነዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል።

እናቴ «ይሄ አረም ቤታችንን ሊውጠው ነው» ትላለች፤ ይቆረጥ ግን ብላ አታውቅም። ምክንያቱን እናውቅ ነበር። የእትዬ ማርታ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ስለነበር፣ እሑድ ከሰዓት ጥቂት ሰዎች ከሐረጉ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ። መዝሙሩን የሚዘምሩት በከንፈራቸው ብቻ ነው። ከተያዙ መቼ እንደሚፈቱ የሚያውቅ የለም።

አንድ እሑድ የሰፈራችን አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። እኔ ደጅ ላይ ነበርኩ።

«እትዬ ማርታ፣ ይህን ጫካ ይቁረጡት ተብሏል። ግቢዎ ከመንገድ አይታይም።»

እትዬ ማርታ ከግቢያቸው ወጥተው ማጭዳቸውን ዘረጉለት። «አንተው ቁረጠው፣ ልጄ። ልጅ ሳለህ ለገመድ ብለህ በጥሰኸው ጭማቂው እጅህን ሲያቆስልህ ቅቤ የቀባሁህ እኔ አይደለሁም?»

መዳፉን አየና ሳቀ። «ኧረ ይቅርብኝ! ዛሬም ሊያስለቅሱኝ ነው?»

«እንግዲያው በመንገዱ በኩል እኔው እከረክመዋለሁ።»

ሊሄድ ሲዞር ከሐረጉ ጀርባ አንድ ወንድ አስነጠሰ። አብዮት ጠባቂው ቆመ። እትዬ ማርታ አልተንቀሳቀሱም።

«ይማርዎት፣ እትዬ ማርታ» አለ፣ ፊቱን ሳይመልስ። ሄደ።

በማግስቱ እትዬ ማርታ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በመንገዱ በኩል ያለውን ብቻ ከረከሙ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እንዲሁ ሲያደርጉ እያየሁ አደግኩ። ሳገባ ከሐረጉ ቆርጠው በወተት ጣሳ ተክለው ሰጡኝ። ካረፉ ቆይተዋል፤ በግቢያቸውም ሌላ ቤት ተሠርቶበታል።

እኔ ዝናቡ ሲያባራ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ እከረክማለሁ። መሰላሉን የሚይዝልኝ ስለሌለ እጄ የሚደርስበትን ብቻ እቆርጣለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ትቼዋለሁ።