እናትነሽና የባጃጁ ፍጥነት

መምህርት እናትነሽ ዳንግላ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምራለች። ቆሰበር ከተማ ላይ ሊከፈት ለታሰበው የሒሳብና ሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ሲቋቋም ታዲያ ልምዷ ታይቶ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረገች። ከሰባቱ አባላት ዛሬም ጠመኔ የምትይዘው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ እጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ ታመነ።

ሰብሳቢው፣ የዞኑ ትምህርት መምሪያ ኃላፊ አቶ ስንታየሁ፣ ማስተማር ከተዉ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ራእይ አወያዩ። ትምህርት ቤቱ “በአፍሪካ ተወዳዳሪ” ይባል ወይስ “በዓለም” በሚለው ላይ ብርቱ ክርክር ተደርጎ፣ ዓለም በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈች።

በአራተኛው ቀን እናትነሽ እጇን አወጣች።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጆቹ ምንድን ነው የሚማሩት?”

አቶ ስንታየሁ መነጽራቸውን አወለቁ። “ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ አንቺው አርቅቀሽ አምጪው።”

አርቅቃ አመጣች። ቤተ ሙከራ እስኪሟላ ድረስ በእጅ ባለ ነገር የሚሠራ መልመጃም ጨመረችበት፦ መንገድ ዳር ቆሞ የተሽከርካሪ ፍጥነት መለካት፣ የዘንገናን ሐይቅ ስፋት ዳሩ ላይ ሆኖ ማስላት። ኮሚቴው አጨበጨበላት። ሰነዱ ታትሞ ሲመጣ ግን መልመጃዎቹ ወጥተው፣ “ተማሪዎች በዘመናዊ ቤተ ሙከራ ይለማመዳሉ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ገብቷል። ስሟማ አልቀረም፤ “ታይፕ ያደረገችው” ከሚለው ጎን ሰፍሯል።

ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ እሷም ወደዚያ ስትዛወር፣ ዘመናዊው ቤተ ሙከራ በእርግጥ በር ነበረው። ውስጡ የተሰበሩ ወንበሮች ተከምረዋል። እናትነሽ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿን ይዛ አስፋልት ዳር ወጣች። ሃምሳ ሜትር ለክተው ጫፍና ጫፉን በኖራ አሰመሩ፤ በስልክም ሰዓት ያዙ።

አንድ ባለባጃጅ መስመሩን አልፎ ቆመና፣ ፍጥነት እየለኩ መሆኑን ሲሰማ፣ “እኔ ከአርባ በላይ ነድቼ አላውቅም” አለ።

ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው ከጥርባ መንደር የመጣችው ተማሪ ፋና ደብተሯን አየት አደረገች። “ሃምሳ ሜትሩን በሦስት ሰከንድ ተኩል ነው የጨረሱት። በሰዓት ሃምሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።”

በሳምንቱ እናትነሽ “ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ በማስተማር” የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ፈራሚው አቶ ስንታየሁ ናቸው። ቢሯቸው ሄደች።

“ሰነዱን በደንብ አንብቢው እንጂ” አሏት በአባትነት።

“አንብቤዋለሁ ጋሼ። የፊደል ግድፈቱን ያረምኩት እኔ ነኝ።”

ደብዳቤው ማህደሯ ውስጥ ገባ፤ እሷም በማግስቱ ክፍሉን ይዛ ወጣች። አሁን ችግር የሆነባት ሌላ ነው፤ ባለባጃጆቹ ኖራው ጋ ሲደርሱ ቀስ ማለት ለመዱ።