ፈራሚ ያጣው ሰነድ

በባምባሲ በኩል ያለው ቀርከሃ ያበበ ሰሞን አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። የቆላ ቀርከሃ የሚያብበው በሰው ዕድሜ አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ካበበ ደግሞ ጫካው እንዳለ ይደርቃል። የሚተርፈው ዘሩ ነው፤ እሱም ቶሎ ካልተለቀመ ዝናብ ቀድሞ ያበላሸዋል።

አሶሳ ላይ የዕፅዋት ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘሩን ከአንዲት የውጭ አገር ተመራማሪ ጋር ልናጠና ተስማምተን ነበር። ዘሩን ለመላክ በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የመግባቢያ ሰነድ መፈረም ነበረበት። በእሷ በኩል ተፈርሞ መጣ። በእኛ በኩል ቀረ።

ጊዜው ስለ ሪፎርም ብቻ የሚወራበት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በትኩረት መስክ ይለያሉ፣ ቀስ በቀስም ራስ ገዝ ይሆናሉ ሲባል አዳራሹ ውስጥ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ሰነዱን ይዤ ስሄድ ግን የውጭ ግንኙነት ኃላፊው አገላብጦ አየው።

«ይሄ ድሮ አዲስ አበባ፣ ሚኒስቴሩ ጋ ይላክ ነበር» አለኝ።

«አሁንስ?»

«አሁን ሥልጣኑ ወደ እኛ ሊመጣ ነው። መመሪያው ግን ገና አልጸደቀም።»

«እስከዚያ ማን ይፈርማል?»

መነጽሩን አወለቀ። «እኔም የቸገረኝ እሱ ነው።»

አዲስ አበባ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በትሕትና «ይሄማ የእናንተ ውሳኔ ነው» አለችኝ። ይህንን ስነግረው ኃላፊው «በደብዳቤ ያሳውቁን» አለ። ሁለት ሳምንት በመዝገብ ቤትና በጸሐፊዎች መካከል ስመላለስ ከረምኩ። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እንኳ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

በመጨረሻ ወደ ጫካው ሄድኩ። እዚያ የሚያውቁኝ የበርታ ሽማግሌ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቀርከሃ ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው። አማርኛ የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሴት ብሆንም ሁልጊዜ «አንተ» ነው የሚሉኝ።

«አንተ መምህር፣ ምን ይጠብቃል?»

«ፊርማ ነው አባባ።»

«ዝናብ መጣ እኮ። ዘር የለም ከዚያ።»

ወዲያው ሸራ አነጠፍን። እሳቸው ግንዱን ይነቀንቃሉ፣ እኔ እለቅማለሁ። ማታውን ለውጭ አገሯ ባልደረባዬ ጻፍኩላት፤ «ዘሩን ልልክልሽ አልችልም። የማብቀያ ዘዴውን ላኪልኝና እዚሁ እሞክረዋለሁ።» በማግስቱ የትምህርት ክፍል ኃላፊዬን ዘሩን የማበቅልበት አሮጌውን መጋዘን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት።

«የሚከለክል መመሪያ አለ?» አለኝ።

«የሚፈቅድም የለም።»

«እንግዲያው ጀምሪ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ቡቃያው ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ወደ ሽማግሌው መንደር ወስደን ተከልናቸው። ሰነዱ የተፈረመው የአዲስ አበባ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ክረምቱ አልፎ ነው፤ በዚያን ጊዜ የባልደረባዬ ፕሮጀክት ተዘግቶ፣ እሷም ወደ ሌላ ሥራ ተዛውራ ነበር።

አሁን ያንኑ ያልጸደቀ መመሪያ በሚያረቅቀው ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ባለፈው ሰኞ የውጭ ስምምነቶች መልስ የሚያገኙበት የጊዜ ገደብ ይጻፍ ብዬ ተከራከርኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ ሰብሳቢው «ረጋ በይ እንጂ» አለኝ። ለመርጋት ሞከርኩ፣ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር አልቆም አለ። ሐሳቤን ለቀጣዩ ስብሰባ አስተላለፉት።